የአባባን ጺም መላጨት

ይድረስ ለእህቴ ለናርዶስ አሰፋ፣ ኩዌት፤

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያንን ከባድ ምንጣፍ እየጠቀለልሽ ደረጃ ትወጫለሽ? ሙቀቱ ከኛው ይብሳል ይላሉ፤ እንቅልፍ ይወስድሻል? አሠሪዎችሽስ ደህና ሰዎች ናቸው? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከጥቅምት ወዲህ ድምፅሽን ሰምቼ ስለማላውቅ፣ የእውነት ስለማላውቀው ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ፊቴን ብታዪው ራስሽ ምን ነካህ ትዪኝ ነበር፤ ምን እንደነካኝ ከታች ታገኚዋለሽ።

ደብዳቤውን ከዕረፍቷ ወደ ኩዌት ስትመለስ የምትሰጥሽ የጎረቤታችን የጋሽ አብዱረሂም ልጅ መሊካ ናት። በዚህ በስልክ ዘመን ወረቀት ይዤ መቀመጤ ቢያስቅሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው። የድሮው ቁጥርሽ አይሠራም። አዲሱን መሊካ ይዛዋለች፤ ግን ለቤተሰቦቼ እንዳትሰጪ ብለሽ ስላስማልሻት፣ ወላሂ ብዬላታለሁ እያለች ብለምናትም ብቆጣትም እምቢ አለችኝ። በራሷ ስልክ ስትደውልልሽም የአገር ቤት ቁጥር ስታዪ አታነሺም። እንዲህ ያለውን ኩርፊያ ከማን እንደወረስሽው ባላውቅ ኖሮ ይገርመኝ ነበር።

ጠቡ እንዴት እንደተጀመረ አንቺም አትረሽውም። በቪዲዮ ስትደውዪለት፣ ስልኩን የያዘበት እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ፣ አባባ በዚህ እጅህ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ታሳርፋለህ እንዴ፣ በቃ ጣላት አልሽው። ያልሽው ሐሰት አልነበረም። ግን አንቺንና እኔን በዚያች ምላጭ ላሳደገ ሰው ጣላት ማለት ከባድ ነው። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋው፤ አንቺም ዘጋብኝ ብለሽ አኮረፍሽ። በማግስቱ አስፋልቱ ዳር ካለው በረንዳ መስታወቱን አውርዶ፣ ወንበሩን ወደ ቤት አስገብቶ፣ ፀጉር ቤቱን ዘጋ። ለምን እንደዘጋ ለሰው አልተናገረም። እሱ እሷ ትደውል ይላል። አንቺ ደግሞ እሱ ይደውል ብለሽ ለመሊካ ነግረሻታል፤ ቁጥርሽንም ደብቀሻል። በየት በኩል ይደውል? ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይላሉ፤ በዚህ ቤት ሳሩ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ጺሙን አልተላጨም። በራሱ እንዳይላጭ እጁ እሺ አይለውም። ሌላ ፀጉር ቤት ልውሰድህ ስለው፣ የዛሬ ልጆች ቶንዶስ ይዘው በግ ነው የሚሸልቱት ይላል። በኔ የፕላስቲክ መላጫ ልሞክር ብለው፣ ይቺ ድስት መፋቂያ ናት ብሎ መለሰልኝ። ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡት የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው፤ የሸዋ ሮቢትን ሰው ሲላጭ የኖረ ሽማግሌ የራሱን ጺም የሚያነሳለት አጣ። ጺሙ ነጭ ሆኖ አንገቱን ሸፈነው። ጋሽ አብዱረሂም አይተው ደስ አላቸው፤ ጺም ለወንድ ልጅ ጌጥ ነው፣ ሱናም ነው፣ ተወው አሉት። ለሳቸው ነገሩ ቀላል ነው። በኛ በኩል ግን አንድ ሽማግሌ ጺሙን አሳድጎ፣ ሥራውን ዘግቶ፣ ከሰው ርቆ ከተቀመጠ ትርጉሙ አንድ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። በዚያ ላይ ናርዶስ ደወለች ወይ ተብለን ስንጠየቅ፣ አልደወለችም ነው መልሳችን። ሰፈሩ ሁለቱን ደምሮ ጨረሰው።

በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ፣ የባጃጄን ጎማ ነፋስ እየሞላሁ ሳለ የእድራችን ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወደ በራችን መጡ። ከፊት እትዬ አበራሽ ነበሩ። ገና ደጁን ሳይረግጡ፣ ወይኔ ናርዶስ፣ ወይኔ የእጄ ልጅ ብለው ጮኹ። እኔ መርዶ ይዘው የመጡ መሰለኝ። እነሱ ደግሞ እኛ ቀድመን ሰምተን በዝምታ ያዘንን መስሏቸዋል። ፓምፑን ጥዬ መሬት ላይ ተደፋሁ። ሜሮን ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ ፊቷን መቧጨር ያዘች። አባባ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበሮች ተሸክመው መጡ፤ ድንኳን የት ይተከል የሚል ምክር ተጀመረ። አንቺን እያነሳን፣ ደግነትሽን እየቆጠርን፣ አንጀታችን እስኪቆረጥ አለቀስን። ዛሬ ስናደድብሽ ያኔ ያወረድኩልሽ ሙሾ ትዝ ይለኝና ይቆጨኛል።

ጋሽ አብዱረሂም ሰምተው ሲመጡ ነው ነገሩ የተገለጠው። አጠገቤ ተቀምጠው፣ አላህ ያጽናችሁ፣ ለመሆኑ ማን ነገራችሁ፣ ምን አገኛት ብለው ጠየቁኝ። እኔ ወደ እትዬ አበራሽ ጠቆምኩ፤ ከእትዬ ነው የሰማሁት አልኩ። እትዬ አበራሽ እንባቸውን እየጠረጉ፣ እኔ ምን አውቄ፣ እኔማ ከአሰፋ ጺም ነው የሰማሁት አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አልነግርሽም። ሞተሻል ብሎ የነገረን ሰው የለም፤ መሊካንም በስልክ ስላላገኘናት፣ አለሽ ብሎ የሚነግረንም የለም። በየካቲት መሊካ ለዕረፍት መጣችና፣ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ በዕረፍት ቀን ተገናኝተን በልተናል፣ ደግሞም ወፍራለች ብላ ማለች። እኔ በደስታ እልል ልል ስል ወዲያው ተበሳጨሁ። ወፍረሻል! እኛ እዚህ ከስተን፣ አንቺ ወፍረሽ፣ አንድ ጊዜ መደወል አቃተሽ።

አሁን አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። በአገራችን መርዶ እንደተገኘ አይነገርም፤ ባለቤቱ እስኪበረታ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል። ስለዚህ እህቴ በሕይወት አለች፣ መሊካ አይታታለች ባልኩ ቁጥር ሰዎቹ በሐዘኔታ ያዩኛል። አዎ ልጄ፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሽማግሌው ግን ቀስ ብላችሁ ንገሩት ይሉኛል። አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ እድሩ ልመልስ ብል፣ ይቆዩ፣ አይቀርላችሁም ተባልኩ። እስካሁን በግቢያችን ተደራርበው አሉ፤ ዶሮ ሰፍሮባቸዋል። እንግዲህ ይህን ከተማ ሊያሳምን የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ያንቺ ድምፅ ወይም የአባባ የተላጨ አገጭ። ያንቺን ማግኘት ስላልቻልኩ ወደ አገጩ ዞርኩ።

አባባ ለመላጨት ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። የሚላጨው የቤቱ ሰው ነው፤ የሚላጭባትም ያቺው ባለ ቀንድ እጀታ ታጣፊ ምላጩ ናት። የቤቱ ወንድ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ምላጭ ይዤ የማላውቀው ባጃጅ ነጂ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆንኩ። በመጀመሪያ ያስያዘኝ ፓፓያ ነው። ከጋሽ አብዱረሂም ማሳ የመጣ ጥሬ ፓፓያ በብሩሽ የሳሙና አረፋ ይቀባና፣ ልጣጩን ሳልነካ አረፋውን ብቻ በምላጭ እንዳነሳ ታዘዝኩ። ቀላል ይመስላል። ጥሬ ፓፓያ ግን ትንሽ ከተጫረ ወተት ያወጣል፤ ያንን ወተት ከአረፋው መለየት አትችዪም። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ በውሃ ሳለቀልቀው፣ ፓፓያው ከየቦታው ነጭ እያነባ ያጋልጠኛል። አባባም ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ይሄኛው ሰውዬ ሞቷል፣ ሌላ አምጣ ይላል።

ከመላጨቱ በፊት ደግሞ ምላጩን በቆዳ ጠፍር ላይ ማሻሸት አለ። ጠፍሩ ከበሩ መቃን ላይ ይንጠለጠልና ወጠር ተደርጎ ይያዛል። ምላጩ ወደ ጀርባው ነው የሚጎተተው፤ ስለቱ ከኋላ ይከተላል። እኔ ቢላዋ የምስል መስሎኝ በስለቱ በኩል ወደፊት ብገፋው፣ ያን የኖረ ጠፍር ከመሃሉ ሰነጠቅኩት። አባባ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። የተሰነጠቀውን በጣቱ እየዳሰሰ፣ አንተን በምላጭ ከማሳድግህ በበሬ ባሳድግህ ይሻል ነበር ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሜሮን ደግሞ በበኩሏ፣ በተቆራረጠ ፓፓያ ቤቱን ሞላችሁት፣ ማን ይብላው እያለች ታጉረመርማለች።

ከፓፓያው ቀጥሎ የራሴ ፊት ተራው ሆነ። የራሱን ፊት ያልላጨ የሰው ፊት አይነካም ነው ሕጉ። አባባ ሲያስተምረኝ፣ ምላጩን ጉንጭህ ላይ ጋደም አድርገህ ታስተኛዋለህ፤ ከዚያ ጀርባውን ትንሽ ብቻ ታነሳለህ። ብዙ ካነሳኸው ይቆርጥሃል፤ ካላነሳኸው ፀጉሩን እየነጨ ያስለቅስሃል። በግራ እጅህ ቆዳውን ትወጥራለህ፤ ምላጩን እንደ ፀጉሩ አበቃቀል ወደ ታች ታወርደዋለህ እንጂ ወደ ጎን አታንሸራትተውም። ይህን ሁሉ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ፊቴ ግን አላጠናውም። የአገራችን ወበቅ ደግሞ አለ፤ አንዱን ጉንጭ በጥንቃቄ ስፍቅ የሌላው አረፋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ላቡ ወደ ቁስሉ ይወርድና ያንገበግበኛል። አባባ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ አትግፋው፣ ምላጩ መንገዱን ያውቃል፣ አንተ ዝም ብለህ ተከተለው ይላል። መንገዱን የሚያውቅ ከሆነ ጆሮዬ ሥር ምን ሊሠራ ሄደ?

በዚህ ፊት ነው እንግዲህ ሥራ የምወጣው። ከካራቆሬ ማሾ ልትሸጥ የመጣች ሴት ባጃጄ ውስጥ ከገባች በኋላ መልኬን አይታ ጆንያዋን ይዛ ወረደች። ሌሎቹ ሚስትህ ናት ወይ እያሉ ይስቃሉ። ወሬው ሜሮን ጆሮ ደርሶ፣ ባሏን የምትቧጭር ተባልኩ ብላ ከኔ ጋር ገበያ መሄድ አቆመች። ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው። አንቺ አንድ ስልክ ብትደውዪ ኖሮ ይህ ሁሉ ደም አይፈስም ነበር እያልኩ በየማለዳው አማሻለሁ።

የሆነ ሆኖ ሰው ይለምዳል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ያለ ደም ጨረስኩ። አባባ በእጁ ጀርባ ጉንጬን ዳሰሰና፣ ነገ እኔን አለኝ። ከዚያ በላይ ምስጋና ከሱ አልጠበቅሁም።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ የድሮውን የፀጉር ቤት ወንበር በረንዳው ላይ መልሼ አወጣሁ። ጺሙን በመቀስ አሳጠርኩለት፤ በሞቀ ውሃ የራሰ ፎጣ ጠቀለልኩለት፤ አረፋውን ቀባሁት። ምላጩን ቀኝ ጉንጩ ላይ ሳሳርፍ እንዳስተማረኝ ጀርባውን ትንሽ ብቻ አነሳሁ። ሄደልኝ። ደግሞ አንድ ነገር ተረዳሁ እታለም፤ አባባ ምላጭ ጉሮሮው ላይ እያለ መናገር አይችልም። ዕድሜዬን በሙሉ ሳያቋርጠኝ አድምጦኝ አያውቅም። ይህን ዕድል አገኘሁና ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስልክ የዘጋኸው አንተ ነህ፣ ልጅቷ ያለችው ለአንተ ብላ ነው፣ ሁለታችሁም አንድ እልኸኛ ናችሁ፣ እኔ መሃል ገብቼ ፊቴ አለቀ አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ቀኙን ጉንጭና አገጩን ጨርሼ ወደ ግራ ስዞር፣ ምላጭ የያዝኩበትን እጄን አንጓው ላይ ያዘኝ።

እኔ ተቆርጦ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሱ ግን ዓይኑን ገልጦ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረኝ። በዚህ በረንዳ ላይ ስሠራ፣ መርዶ ሊነገረው ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ እኔ ይላክ ነበር አለ። ዘመዶቹ ቀድመው ይመጡና፣ ጋሽ አሰፋ፣ ነገ በማለዳ ልንነግረው ነው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስለማይላጭ ዛሬ አሳምረህ ላጭልን ይሉኛል፤ ሰውየው ምንም ሳያውቅ እየሳቀ ይቀመጣል፣ እኔም እያወቅሁ አወራዋለሁ፣ እላጨዋለሁ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ አንተ ልላጭህ፣ ልላጭህ ብለህ ወራት ሙሉ ስታስጨንቀኝ የከረምከው ለዚህ ነው ወይ አለኝ። መሊካንም አስተምራችሁ ነው የምታስምሏት ወይ አለኝ።

እህቴ፣ ማልኩለት። በሜሮን ሆድ ባለው ልጄ ማልኩለት፤ አዎ፣ አርግዛለች፣ አንቺ ይህንንም አታውቂም። ሰማኝ፤ ግን ያልኩትን እንደሚያምን ሰው አላየኝም። እሱ ራሱ ስንቱን የሰው አባት እየዋሸ የላጨ ሰው፣ የኔን መሐላ ምን ብሎ ይመን? እኔ እኮ እስከዚያ ቀን ድረስ ያኮረፈ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ሲፈራ ነው የከረመው።

ፎጣውን ከአንገቱ ላይ አውልቆ ተነሳ። ይህኛው ይቆይ አለ ግራ ጉንጩን እየነካ፤ ድምፅዋን ስሰማ ትጨርሰዋለህ። ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ ሜሮን እግሩ ላይ ወደቀች። አልሰማንም። እንግዲህ አባባ ዛሬ በቀኝ በኩል የተላጨ፣ በግራ በኩል ሐዘንተኛ ሆኖ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። የአዲስ አበባና የደሴ መኪና ሁሉ ፍጥነት ቀንሶ እያየው ያልፋል። ሰፈሩ ይኼኔ ዝም ያለ መስሎሻል? ልጁ ሞታ ሳይነግሩት ቀርተው አእምሮው ተነካ እያሉ ነው። እትዬ አበራሽ አሁን የሚያለቅሱት ለሁለታችሁም ነው።

እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ምላጭ ያዝ ስትሉኝ ይዤአለሁ፤ ፊቴን ገብሬአለሁ። የቀረውን ጉንጭ ግን የኔ እጅ አይላጨውም። ይቅርታ ጠይቂው አላልኩሽም፤ ማን አጠፋ የሚለውን ሌላ ጊዜ ተቀምጣችሁ ተጨቃጨቁ። ስልክሽን አንሺና አባባ ብለሽ ጥሪው። ሌላ ምንም ባትዪ ይበቃዋል። የኔ ቁጥር የድሮው ነው። ቀን ከሆነ ሥራ ላይ ብሆንም ባጃጁን አዙሬ እበራለሁ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ራሴ እይዝለታለሁ፤ የእጁን መንቀጥቀጥ አታዪም።

በዚያ ያሉ ጓደኞችሽን ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልን። ሜሮን ትስምሻለች፤ ወንድ ከሆነ ስም አውጪ ብላሻለች፤ እስከ መስከረም ካልደወልሽ ግን ራሷ ታወጣዋለች። ጋሽ አብዱረሂምና መላው ቤተሰባቸው ሰላምታቸውን አቅርበዋል፤ ዱዓ እያደረጉልሽ ነው። ለእትዬ አበራሽ፣ ናርዶስ ሰላም በሉልኝ ብላለች ብዬ ዋሽቼላቸዋለሁ፤ እሳቸውም በልቅሶ ተቀብለውታል። አባባን፣ ለናርዶስ እየጻፍኩላት ነው፣ ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅሁት። መንገዱን እያየ፣ ካለች ሰላም በልልኝ አለኝ።

ወንድምሽ ዘላለም አሰፋ
ሸዋ ሮቢት
ግንቦት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.